የገዛ ወገኑን ያስቆመ ሰው

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገን ሰው “የት ተወለድክ?” ብትሉት “ጋንዲ” ብሎ የሚመልስላችሁ አታጡም። መሃል ከተማ ያለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል አገራችን ይኖሩ የነበሩ ሕንዶች ለመሪያቸው መታሰቢያ ይሁን ብለው ያበረከቱት የእናቶች ሆስፒታል ነው። ስንቱ አባት በሩ ላይ ሲንቆራጠጥ አድሯል፣ ስንቷ አያት አጥሚት በፔርሙስ፣ ገንፎ በሳህን ይዛ ገብታለች! ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ስለ ሰውየው ግን እምብዛም አንጫወትም። እስቲ ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ስለ እሱና ሕንዶች በየዓመቱ ስለሚያከብሩለት ቀን እናውጋ።

ቀኑ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ነው፤ በእኛ መስከረም 22 ላይ ይውላል፣ የመስቀል ሰሞን ገና ሳይወጣ። “ጋንዲ ጃያንቲ” ይሉታል፣ የጋንዲ ልደት። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።) ሕንድ ከዓመት እስከ ዓመት በዓል የማይጠፋባት አገር ናት። በመላ አገሪቱ ብሔራዊ በዓል ተብለው የሚከበሩት ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ የሪፐብሊክ ቀን፣ የነጻነት ቀንና ይሄው። በሪፐብሊክ ቀን ዴልሂ ላይ ታንክና ሚሳይል በሰልፍ ያልፋል። በጋንዲ ልደት ታንክም የለ፣ መድፍም የለ። የአገሪቱ መሪዎች ማለዳ ያሙና ወንዝ አጠገብ ወዳለው ራጅ ጋት ይሄዳሉ፤ አስከሬኑ የተቃጠለበት ቦታ ነው። ጣሪያ የሌለው፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለ ጥቁር እብነ በረድ፣ በላዩ አበባ፣ አጠገቡ የማይጠፋ መብራት። ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፣ አበባ ያኖራሉ፣ የሂንዱው፣ የሙስሊሙ፣ የክርስቲያኑ፣ የሲኩ ጸሎት በየተራ ሲደርስ ያዳምጣሉ። በዚያ ዕለት መጠጥ አይሸጥም፤ ጋንዲ የመጠጥ ብርቱ ጠላት ነበር። በእጅ ተፈትሎ በእጅ የሚሸመነውን ካዲ የሚሸጡ ሱቆች ዋጋ ይቀንሳሉ። ከ2014 ወዲህ ደግሞ መጥረጊያ ይዞ ወጥቶ ሰፈር ማጽዳት የቀኑ ልማድ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2007 ይህንኑ ቀን መርጦ ዓለም ሁሉ ሰላማዊ ትግልን እንዲያስብበት ወስኗል።

በዓሉ ደስ ይለኛል። ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር ጋንዲ በዚያ ቀን ሲነሳ የዋህ፣ ፈገግታ የማይለየው ሽማግሌ ተደርጎ መሳሉ ነው። ሰውየው እኮ የማይታዘዝ ሰው ነበር! ለንደን ሕግ ተምሮ፣ ደቡብ አፍሪካ 21 ዓመት ያህል ኖሮ፣ እዚያ በ1893 የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዞ ሳለ በቆዳ ቀለሙ ምክንያት ከባቡር የተወረወረ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እስር ቤት ሲገባና ሲወጣ የኖረ ሰው ነው።

ስለ እሱ ወሬ ከተነሳ ጨው መነሳቱ አይቀርም። አሞሌን ገንዘብ አድርገን ለኖርን፣ የአፋር ግመሎች ከዳሎል ጨው ጭነው ሲወጡ ለምናውቅ ሰዎች የጨው ነገር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በ1930 ሕንድ ውስጥ የባሕር ዳር ሰው እግሩ ሥር የደረቀውን ጨው ማንሳቱ ወንጀል ነበር። ጨው ማምረትና መሸጥ የሚችለው መንግሥት፣ ማለትም እንግሊዝ ነው። በዚያ ላይ ግብር አለበት፤ ግብሩን ፀሐይ ላይ ሲያልበው የሚውለው የቀን ሠራተኛ ከባለጸጋው እኩል ይከፍላል። ጋንዲ ትግሉን በጨው እጀምራለሁ ሲል የራሱ ጓዶች ግራ ገባቸው። ሙሉ ነጻነት እየተጠየቀ ጨው ምን አመጣው? የእንግሊዝ ሹማምንትም ነገሩን አቀለሉት። እሱ ግን ለእንደራሴው ለሎርድ ኧርዊን አስቀድሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ በደሉን ዘረዘረ፣ ካልታረመ ሕጉን እንደሚጥስ፣ መቼ እንደሚነሳም ነገረው። ሊያምጽ የተነሳ ሰው ቀን ቆርጦ ለመንግሥት ሲያሳውቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ማርች 12 ማለዳ አህመዳባድ ዳር ካለው ከሳባርማቲ መኖሪያው 78 ተከታዮቹን ይዞ ወጣ። ዕድሜው 60 ነው። በ24 ቀን ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ሄዱ፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴ አፋፍ እንደ መድረስ ያለ ነው። ነጻነት ሳይገኝ ወደዚህ ቤት አልመለስም ብሎ ስለነበር ዳግመኛ ሳባርማቲ አልኖረም።

ከዚህ ጉዞ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ባትጋም በምትባል መንደር የሆነው ነው። ለተጓዦቹ ጨለማውን እንዲያበራ ተብሎ አንድ የቀን ሠራተኛ ከባድ ፋኖስ ራሱ ላይ ተጭኖበት እየተጣደፈ ይሄዳል። ከሱራት ከተማም ለተጓዦቹ ወተት በመኪና መምጣቱ ተሰምቷል። ጋንዲ ያን ማታ ሕዝብ ፊት ቆሞ ጓዶቹን ወቀሰ፣ ራሱንም ጨምሮ። ለድሃ ቆመናል እያልን በድሃ ራስ ላይ መብራት አሸክመን እንዴት እንሄዳለን፤ አገሬው ከሚያገኘው ገቢ ጋር የማይመጣጠን ኑሮ እየኖርን እንደራሴውን በደመወዙ ብዛት ለመክሰስስ ምን አፍ አለን አለ። ከጠላት ጋር ሊጋጠም ሳምንት ሲቀረው የራሱን ቤት የሚፈትሽ መሪ ስንት አይታችኋል?

ኤፕሪል 5 ዳንዲ ደረሱ። በማግስቱ ጠዋት ባሕር ውስጥ ታጥቦ ወጣና ጭቃ የተቀላቀለበት ቁራጭ ጨው ከመሬት አነሳ። ይኸው ነው፤ ሕጉ ተጣሰ። ከዚያ በኋላ በየባሕሩ ዳር ሰው ድስት ጥዶ ጨው ማፍላት ያዘ፣ ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሴቶች አደባባይ ወጡ፣ በወራት ውስጥ ከ60,000 በላይ ሰው ታሰረ። ሜይ 21 ደግሞ ዳራሳና በተባለው የጨው ማምረቻ ደጃፍ የተከታዮቹ የሰላማዊ ትግል ሥልጠና ተፈተነ። ጋንዲ ቀደም ብሎ ታስሯል። ባለቅኔዋ ሳሮጂኒ ናይዱ 2,500 የሚሆኑ ሰዎችን እየመራች መጣች፤ ማንም ሰው ምቱን ለመመከት እንኳ እጁን እንዳያነሳ አዘዘች። ረድፍ ሠርተው ወደ አጥሩ ተጠጉ። ፖሊሶቹ ጫፉ ብረት በለበሰ ዱላ ራስ ራሳቸውን መቷቸው። የመጀመሪያው ረድፍ ወደቀ፤ የወደቁትን አንስተው ሲወስዷቸው የሁለተኛው ረድፍ ሰዎች ምን እንደሚጠብቃቸው እያዩ ወደፊት ሄዱ። ከዚያ ሦስተኛው። ዌብ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ቆሞ ያይ ነበር፤ በኋላ ቁስለኞቹ የተኙበት ሄዶ 320 ሰው ቆጠረ፣ ሁለቱ ሞተው ነበር። የጻፈው ነገር በዓለም ዙሪያ ከ1,000 በላይ ጋዜጦች ላይ ወጣ። ለነገሩ የጨው ግብሩ ወዲያው አልተነሳም፤ እስከ 1947 ቆይቷል። እንግሊዝ ሕንድን የምገዛው ለራሷ ለሕንድ ብዬ ነው የሚለው ወሬዋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሚ አጣ።

እስከዚህ ያለው ታሪክ በየትምህርት ቤቱ የሚነገር ነው። እኔ ከጨው ጉዞውም አብልጬ የማስበው ግን ከዚያ ስምንት ዓመት በፊት የሆነውን ነው።

በ1920 ጋንዲ ሕዝቡን ከእንግሊዞች ጋር አትተባበሩ ብሎ አንቀሳቅሶ ነበር። ተማሪው ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጣ፣ ጠበቃው ፍርድ ቤቱን ተወ፣ የእንግሊዝ ጨርቅ አደባባይ ላይ ተከምሮ ተቃጠለ፣ ሂንዱውና ሙስሊሙ አብረው ቆሙ። በፌብሩዋሪ 1922 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ባርዶሊ በሚባለው አውራጃ ገበሬው ግብር እንዲከለክል ሊታዘዝ ቀናት ቀርተውታል፤ እንደራሴውም ማስጠንቀቂያው ደርሶታል። በዚህ መሃል በሰሜን፣ ጎራክፑር አጠገብ ባለች ቻውሪ ቻውራ በምትባል ትንሽ ከተማ ፖሊስ በሰልፈኛ ላይ ተኩሶ ሰው ገደለ። ሰልፈኛው በቁጣ ነደደ፣ ፖሊሶቹን ወደ ጣቢያቸው አሳዶ አስገብቶ ጣቢያውን በእሳት ለኮሰው። ከ20 በላይ ፖሊሶች አለቁ። ፖሊሶቹም እኮ ሕንዶች ነበሩ፣ የድሃ ልጆች።

ጋንዲ ትግሉን በሙሉ አስቆመ። ያን ከተማ ብቻ አይደለም፣ የመላ አገሪቱን። አምስት ቀንም ጾመ። የትግል ጓዱ ሞቲላል ኔህሩ እስር ቤት ሆኖ ይህን ሲሰማ ተቃጠለ፤ ልጁ ጃዋሃርላልም እንዲሁ። እንዴት ሩቅ አገር ያለች አንዲት ከተማ በሠራችው ጥፋት ሚሊዮኖች የታገሉለት ነገር ይታጠፋል? ንዴታቸው ይገባኛል። እኔም ያኔ ወጣት ሆኜ ልጄ ወይም ወንድሜ ታስሮ ቢሆን ኖሮ እቆጣ ነበር። እንግሊዞችም ቀን አላጠፉም፤ ትግሉ ሲቀዘቅዝ ጠብቀው በወሩ አሰሩት።

የፍርዱ ቀን የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ማርች 18 አህመዳባድ ላይ ዳኛ ብሩምፊልድ ፊት ቀረበና ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዐቃቤ ሕጉ በቻውሪ ቻውራና በሌሎች ቦታዎች ለፈሰሰው ደም ተጠያቂ ነው ሲል አልተከራከረም፤ በእሳት መጫወቴን አውቅ ነበር፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው አለ። ለዳኛውም፣ የተከሰስኩበት ሕግ ልክ ነው ብለህ ካመንህ ከፍተኛውን ቅጣት ስጠኝ፣ ካላመንህ ደግሞ ሥራህን ልቀቅ አለው። ዳኛው ስድስት ዓመት ፈረደበት፤ ሲፈርድም መንግሥት ጊዜውን ቢያሳጥርለት ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም ብሎ ነበር። እኛ አገር ፈረንጅ ያስደነቀ ነገር ሲነሳ እንኮራለን፤ እኔን እዚህ ላይ የሚያስደንቀኝ ግን የዳኛው ነገር አይደለም። ተከታዮቹ ለሠሩት ግፍ “እኔ አላዘዝኩም” ማለት ሲችል፣ እውነትም ስላላዘዘ፣ ያላለው መሪ ነው የሚያስደንቀኝ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ይህን ሳላነሳ ጨዋታው አይሞላም። ጋንዲ ስለ እኛ ጽፏል። በሜይ 1938፣ በእኛ ግንቦት 1930 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሃሪጃን በተባለው ጋዜጣው ላይ አቢሲኒያውያን የጠንካራ ሰው ሰላማዊ ትግል ይዘው ቢሆን ኖሮ፣ ብትፈልጉ አመድ አድርጉን እንጂ የሚተባበራችሁ አንድ አቢሲኒያዊ አታገኙም ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ሙሶሊኒ ምን ያደርግ ነበር ሲል ጠየቀ። የሚፈልገው በረሃ አይደለምና የሚገዛው ሰው ካጣ ይተወው ነበር ባይ ነው። ሙሶሊኒን በአካል ያውቀዋል፤ በ1931 ከለንደን ሲመለስ ሮም ላይ አግኝቶታል።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ደሙ ቢፈላ አልፈርድበትም። ጽሑፉ ሲወጣ የየካቲት 12ቱ እልቂት ከተፈጸመ ገና አንድ ዓመት ከሦስት ወር ነው፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከተረሸኑ ዓመት መሆኑ ነው። ከአውሮፕላን የሚወርድ የመርዝ ጋዝ ማንን ተባበር ብሎ ይጠይቃል? የዳራሳናው ረድፍ ዋጋ ያገኘው ቆሞ የሚያይ ጋዜጠኛ፣ ጋዜጣውን የሚያነብ የለንደን ሰው፣ አንብቦም የሚያፍር ሰው ስለነበረ ነው። ግራዚያኒ ዘንድ ይህ አልነበረም። ፋሺስቶቹ ደግሞ መሬቱን ለራሳቸው ሰፋሪ ሲመኙ፣ ያለ ሰው ባዶ ቢያገኙት ብዙ የሚከፋቸው አልነበሩም። ስለዚህ እዚህ ላይ ከጋንዲ ጋር አልስማማም፤ አርበኞቻችን ጠመንጃ ማንሳታቸው ልክ ነበር። በዚያው ዓመት ለጀርመን አይሁዶችም ተመሳሳይ ምክር ጽፎ፣ ፈላስፋው ማርቲን ቡበር ጠንካራ መልስ ጽፎለታል።

ብቻ አንድ ነገር ሳስብ ቆም እላለሁ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 1928 ዓ.ም. ምን አደረጉ? አርበኛውን ሽፍታ ነው በሉ፣ ሕዝቡን ለጣልያን ተገዙ ብለው ስበኩ ተባሉ። እምቢ አሉ፤ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ገዘቱ፣ ምድሪቱንም ጨምረው ገዘቱ፣ ተረሸኑ። በእጃቸው መስቀል እንጂ ጦር አልነበረም። ጋንዲ የተመኘው እምቢታ ከአንድ ጳጳስ አንደበት ወጥቶ ነበር፣ እሱ ከመጻፉ ሁለት ዓመት ቀድሞ። በእኛ ዘንድ ግዝቱና ጠመንጃው አብረው ሄዱ እንጂ አልተጣሉም። ጋንዲም ቢሆን አርበኛን የሚንቅ ሰው አልነበረም፤ ከፍርሃትና ከጠመንጃ አንዱን ምረጥ ብባል ጠመንጃውን እመክራለሁ ብሎ ገና በ1920 ጽፏል። የሕንዶችን ነገር ካነሳን ደግሞ ጃዋሃርላል ኔህሩ በ1936 በሮም ሲያልፍ ሙሶሊኒ ላግኝህ ቢለው በእኛ ምክንያት እምቢ ማለቱን፣ በ1941 ከረን ላይ ጣልያንን ሰብረው ካለፉት መካከል የሕንድ ክፍለ ጦሮች መኖራቸውን ልንረሳ አይገባም።

ጋንዲን ታቦት አናድርገው። በ1932 የጾመው ጾም የዝቅተኛውን መደብ መሪ ዶክተር አምቤድካርን አስጨንቆ ለወገኖቹ የጠየቀውን የተለየ የምርጫ መብት ያስተወ ነው፤ አምቤድካር ቂሙን እስኪሞት አልተወውም፣ ምክንያትም ነበረው። በወጣትነቱ ደቡብ አፍሪካ ሳለ ስለ ጥቁሮች የጻፋቸው ቃላትም ንቀት የሞላባቸው ነበሩ፤ የጋና ዩኒቨርሲቲ በ2018 ሐውልቱን ያነሳው በዚሁ ሳቢያ ነው። በጋናውያኑ አልፈርድም።

እና ለምን እወደዋለሁ? በመጨረሻው ዓመቱ ምክንያት ነው።

ኦገስት 15 ቀን 1947 ዴልሂ በደስታ ስትናወጥ የነጻነቱ አባት እዚያ አልነበረም። ካልካታ ውስጥ በአንድ ያረጀ የሙስሊም ቤት፣ ሂንዱዎች ከሚጠሉት ሱህራዋርዲ ከተባለ የሙስሊሞች መሪ ጋር አብሮ እየኖረ፣ ዕለቱን በጾምና በጸሎት ጥጥ እየፈተለ ዋለ። አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ ሂንዱው ሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ ሂንዱውንና ሲኩን ሲያርድ ለእሱ ደስታ አልነበረም። ወር ሳይሞላ ካልካታም ነደደች። ሴፕቴምበር 1 እህል አልቀምስም አለ፤ የሚጠጣው ውሃ ብቻ። 77 ዓመቱ ነው። እኛ ጾም እናውቃለን፤ ጾም ለእግዚአብሔር ነው። እሱ ግን የጾመው ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይገድል ነው። በአራተኛው ቀን የየወገኑ መሪዎች መጥተው በሕይወታችን እንጠብቃለን ብለው ፈረሙለት፤ ሲገድሉና ሲያቃጥሉ የሰነበቱ ጎረምሶች መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው አስረከቡት። ከጾሙ ጥቂት ቀደም ብሎም፣ ፑንጃብ ውስጥ 55,000 ወታደር እልቂቱን ማቆም አቅቶት ሳለ ካልካታ ያለችበትን ቤንጋልን አንድ ሰው እንዳረጋጋት የመጨረሻው የእንግሊዝ እንደራሴ ሎርድ ማውንትባተን ራሱ ጽፎለት ነበር።

ከዚያ ዴልሂ ሄደ። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 2፣ ዛሬ በዓል በሆነችው ቀን፣ 78 ዓመት ሞላው። የደስታ መግለጫ ከየአቅጣጫው ሲጎርፍለት እንኳን ደስ አለህ ከምትሉኝ ነፍስ ይማር ብትሉኝ አይሻልም ወይ አለ። 125 ዓመት መኖር እመኛለሁ ይል የነበረ ሰው በሕይወት የመቆየት ፍላጎቴ አለቀ አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1948፣ በዴልሂ ሙስሊሞች ላይ የሚደርሰው ግፍ እንዲቆም የመጨረሻውን ጾም ጾመ። ያኔም የሕንድ መንግሥት ለፓኪስታን የከለከለውን 550 ሚሊዮን ሩፒ ለቀቀ፣ መሪዎቹም የሙስሊሙን ሕይወትና መስጊድ እንጠብቃለን ብለው ቃል ገቡ። ጾሙ በተፈታ በ12ኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 30፣ አመሻሽ ላይ ወደ ጸሎት ሲሄድ ናቱራም ጎድሴ ሦስት ጥይት ደረቱ ላይ ተኮሰበት። እንግሊዞች ደጋግመው አሰሩት እንጂ አልገደሉትም። የገደለው የአገሩ ልጅ፣ የራሱ ሃይማኖት ሰው ነው፤ ለሙስሊሞች አደላ ብሎ።